ፋይል የሚያነቃው ሰው

የመዝገብ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ሁሉ አይቀመጤ ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት በጉምሩክ ቢሮው አዳራሽ ሦስተኛው መስኮት ላይ የምትሠራው ሴት ናት፤ እሷን ደግሞ ባለጉዳዩ ሁሉ ሦስት ቁጥር እያለ ነው የሚጠራት። ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ወንበር ስባ «እስቲ አንድ ጊዜ ቁጭ በል፣ ማህተሙን ልፈልገው» ብትለው፣ አመስግኖ ወንበሩን ተቀበለና ቦርሳውን አስቀመጠበት። እሱ ራሱ ከግድግዳ ግድግዳ መንጎራደዱን ቀጠለ። «ይሄ ሰውዬ አይቀመጤ ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም» አለች። ከዚያ ወዲያ ስሙ ተለጠፈበት፤ እሱም አልተቀየመም። ነጋዴ የሚፈልገው የሚሮጥለትን እንጂ የሚቀመጥለትን ሰው ስላልሆነ፣ ቅጽል ስሙ ከማስታወቂያ ሰሌዳ በላይ ሠራለት።

ሥራው ትራንዚተርነት ነው። ዕቃ ወደ ውጭ የሚልኩ ነጋዴዎችን ጉዳይ ይዞ በየቢሮው ይዞራል፤ የወጪ ንግድ ፈቃድ ያመለክታል፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ይሞላል፣ ያስፈርማል፣ ማህተም ያስመታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ኑሮው ይኸው ነበር። አዳራሹ ውስጥ ዘጠኝ መስኮቶች ነበሩ፤ የአንዱ ጉዳይ ሳያልቅ የሌላው አይጀመርም፣ እያንዳንዱ መስኮት ደግሞ የራሱ ጠባይ ነበረው። ሁለት ቁጥር ከምሳ በፊት ይነጫነጫል፣ ከምሳ በኋላ ግን በግ ነው። አምስት ቁጥርን በግራ ጆሮው በኩል ካላናገሩት አይሰማም። ሰባት ቁጥር ቤቱ የታመመ ሰው አለበትና መጀመሪያ ስለ በሽተኛው ካልጠየቁት እስክሪብቶው ይጠፋበታል። አይቀመጤ ይህን ሁሉ በቃሉ ያውቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሙያው ራሱ ይህ ነው፤ ሕጉንማ ማንም አንብቦ ይደርስበታል።

ከሁሉ በላይ የሚኮራበት ግን አንድ ዘዴ ነበረው፤ ፋይል ማንቃት ይለዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ማመልከቻ መዝገብ ቤት ሲገባ ክምር ላይ ይደረጋል፤ በማግስቱ ሌላ ሠላሳ ማመልከቻ ይጫንበታል፤ ሠራተኛው የሚያነሳው ደግሞ ከላይ ከላዩን ነው። ሥር የቀረው ፋይል ይተኛል፤ ካልቀሰቀሱት ባለቤቱ እስኪሸብት ይተኛል። ስለዚህ አይቀመጤ ጠዋት ቢሮው ሲከፈት ይደርስና «አንድ ነገር ረስቻለሁ፣ ላርመው» ይላል። ፋይሉን ከክምሩ ሥር መዝዘው ይሰጡታል። እስክሪብቶውን አውጥቶ አንዲት መስመር ያደምቃል፣ ወይ አራት ነጥብ ይጨምራል፣ ከዚያ ይመልስላቸዋል። የተመለሰ ፋይል መቼም ተመልሶ ሥር አይገባም፤ ከላይ ነው የሚቀመጠው። በቀን ሁለቴ ሦስቴ የነቃ ፋይል ውሎ ሳያድር ተፈርሞ ይወጣል። ሌሎቹ ትራንዚተሮችም ዘዴውን ያውቁታል፣ እንደሱ ያለ እግር ግን አልነበራቸውም።

እግሩ ታዲያ ቤቱም ገብቶ አያርፍም። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎኑን ለሁለት ከፍላ ግማሹን የሥራ ክፍል አድርጋዋለች። የሰፈሩን ሰው ሁሉ አሳምራ ስታለብስ፣ የገዛ ባሏ ኮት አንድም ቀን አምሮለት አያውቅም፤ የቀኝ እጅጌው ሁልጊዜ ይረዝማል። ምክንያቱን ሁለቱም ያውቁታል። ሜትር ይዛ ስትቀርበው አንድ እጁን ሰጥቷት በሌላው ስልክ ይደውላል፤ ትከሻውን ልትለካ ስትል በር ላይ ደርሷል። «ካንተ ጨርቁ ይሻለኛል፣ እሱስ ጠረጴዛው ላይ ይተኛልኛል» ትለዋለች። ምሳውን ቆሞ፣ ራቱን እየተንጎራደደ ነው የሚበላው። እሷ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ስትለው፣ እሱ «ያልቸኮለችውስ መቼ ደረሰላት» እያለ ሲመልስ ልጆቹ አድገው ከቤት ወጡ።

ከዚያ ሲስተም የሚሉት ነገር መጣ።

መጀመሪያ ወሬው፣ ከወሬው በኋላ ስልጠናው። ወደ ሰባ የሚሆኑ ትራንዚተሮች ተሰበሰቡና አንድ ቀጭን አሰልጣኝ ግድግዳው ላይ ምስል እያበራ አስረዳቸው። ከእንግዲህ የወጪ ንግድ ፈቃድ ማመልከቻም ሆነ የጉምሩክ ሰነድ በኦንላይን ነው የሚገባው፤ ወረቀት ይቀራል፣ መስኮቶቹ ይዘጋሉ፣ ማመልከቻው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ይታያል፣ ውጤቱ በስልክ ይመጣል። «ማንም ሰው ቢሮ መመላለስ አያስፈልገውም» አለ አሰልጣኙ፣ የምሥራች የነገራቸው መስሎት። ከሰባው ሰው ያጨበጨበለት አልነበረም።

አይቀመጤ፣ ወንበር ሞልቶ ሳለ ከኋላ ቆሞ ነበርና፣ እጁን አወጣ። «ካስገባን በኋላ ማረም ቢያስፈልገንስ?»

«በጣም ቀላል ነው፤ ‘አስተካክል’ የሚለውን ይጫኑ፣ ያርሙ፣ መልሰው ‘አስገባ’ ይበሉ። ነገር ግን...»

ከነገር ግን በኋላ የመጣውን አይቀመጤ አልሰማውም። የሚፈልገውን አግኝቷል፤ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወጥቶ ሄዷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት የዚያን ቀን ነበር፣ የነገረው ግን አልነበረም።

በስድስት ወር ውስጥ ደንበኞቹ አንድ በአንድ ተንጠባጥበው አለቁ። ነጋዴው ሁሉ ኮምፒውተር የሚያውቅ የወንድም ልጅ፣ የእህት ልጅ ነበረው። ከሙያ ጓደኞቹ አንዱ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፈተ፣ ሌላው በመኪና ድለላ ገባ። አይቀመጤ ጠዋት ጠዋት ያንን በወረቀት የተወጠረ የቆዳ ቦርሳውን በቀኝ ትከሻው አንግቶ ከቤት መውጣቱን አልተወም፤ ወደ የት እንደሚሄድ ግን ከመንገዱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በእጁ የቀረችው አንዲት ደንበኛ ናት፤ ባለ ሰሟ።

ባለ ሰሟ የንብ ሰም ትሰበስባለች። አቅልጣ፣ አጣርታ፣ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ አፍስሳ፣ እንደ ጡብ አድርጋ ትሸጣለች። መጋዘኑን የወረሰችው ከአጎቷ ነው፤ አጎቷ በሕይወት ሳለ የወረቀቱን ሥራ የሚሠራለት አይቀመጤ ነበር። አጎቷ ከሞተ ወዲህ ሰሙ ከአገር ወጥቶ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ከባሕር ማዶ ሻማ የሚያመርት ፋብሪካ አንድ ሙሉ ኮንቴይነር አዘዛት። ደረቅ ወደቡ ለመርከቡ ዕቃ የሚቀበለው ከመጪው ሰኞ ተቆጥሮ እስከ ሁለተኛው ሳምንት ዓርብ፣ ስድስት ሰዓት ድረስ ነው። ያ ካለፈ የሚቀጥለው መርከብ ከወር በኋላ ነው፤ ገዢው ደግሞ ወር እንደማይጠብቅና ሰሙን ከሌላ እንደሚገዛ በግልጽ ጽፎላታል። መጋዘኑ ውስጥ አሥራ አራት ሰው ይሠራል፤ ሁሉም ያችን ዓርብ ያውቃታል።

«ዘመዶቼ ራስሽ አመልክቺ፣ ቀላል ነው ይሉኛል» አለችው። «እኔ ግን አጎቴ ካመነው ሰው ውጭ አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ልጄ፣ አንቺ ሰሙን አዘጋጂ። ሩጫው የኔ ነው» አላት። እውነትም ከልቡ ነው የተናገረው፤ ይህቺ ልጅ ከሄደች ከእንግዲህ ለማን ይሮጣል?

ሰኞ ጠዋት ማመልከቻውን አስገባ። በሁለት ጣቱ እየለቀመ ሲጽፍ ግማሽ ቀን ፈጀበት፣ ግን አንድ ስህተት አልነበረበትም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ያለምክንያት አልቆየበትም። የስልኩ ስክሪን ላይ «በሂደት ላይ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ማክሰኞ ጠዋት ሲያየው በሂደት ላይ። ከምሳ በኋላም በሂደት ላይ። ቆዳው ጠበበው። በሂደት ላይ ማለት ምን ማለት ነው? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያየው ነገር ነው፣ በሂደት ላይ ያለ ፋይል የተኛ ፋይል ነው።

ስለዚህ አነቃው። «አስተካክል» የሚለውን ተጫነ፤ በዕቃው ዝርዝር መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ ጨመረ፤ «የማስተካከያው ምክንያት» ለሚለው «ለተሻለ ግልጽነት» ብሎ ሞላ፤ «አስገባ» አለ። ወዲያው ስልኩ ጮኸና «ማመልከቻዎ በተሳካ ሁኔታ ገብቷል፤ እናመሰግናለን» የሚል መልእክት መጣ።

«አየሽ?» አላት ሚስቱን፣ ስልኩን ከመርፌው ፊት እየደቀነ። «ነቃ። በዚያ ላይ ያመሰግናሉ። ሁለት ቁጥር በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን አመስግኖኝ አያውቅም።»

«ጣቴን ልታስወጋኝ ነው፣ ዞር በል» አለችው።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው። ጠዋት አራት ነጥቡን ያነሳዋል፣ በምሳ ሰዓት ይመልሰዋል፣ ቢሮ ሊዘጋ ሲል ደግሞ አንድ ጊዜ ለመሸኛ። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሞ ያነቃል፣ ፀጉር አስተካካይ ቤት ተራ እየጠበቀ ያነቃል፣ ጎረቤት ለቅሶ ሄዶ ከድንኳኑ ጀርባ ያነቃል። ባነቃ ቁጥር ያ የምስጋና መልእክት ይመጣለታል፣ ልቡ ለአንድ ሰዓት ያህል ትረጋለች፣ ከዚያ ደግሞ መቁነጥነጥ። ሐሙስ አለፈ፣ ዓርብ አለፈ። ከእሱ በኋላ ያመለከቱ ሰዎች ፈቃዳቸውን ሲቀበሉ መስማት ጀመረ፤ ይህን ሲሰማ ደግሞ ማንቃቱን ጨመረበት። ቅዳሜና እሁድ እንኳ አልማረውም።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ባለ ሰሟ ደወለች። ድምፅዋ ቀጥኗል። «ጋሼ፣ ሰሙ ተዘጋጅቶ ሊያልቅ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

«እኔ ጋ ያለው ሁሉ አልቋል፣ ልጄ። ሰዎቹ ናቸው። ተኝተውበታል።»

«ማነው የተኛበት?»

«ማን ይሆናል፣ የሚያየው ባለሙያ ነዋ። ድሮ ፊታቸውን ስናይ ያፍሩን ነበር፤ አሁን ተደብቀው ይተኛሉ። አቤቱታ ጻፊ። እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ጻፊ።»

እሱ በስልክ እየነገራት እሷ ጻፈችው፤ ጥርት ያለ ደብዳቤ ነበር። ባለሙያው ሆን ብሎ ጉዳዩን እንዳጓተተ፣ ተጠያቂ እንዲሆንና ከቦታው እንዲነሳ የሚጠይቅ። ስልኩን እንደዘጋ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ማመልከቻውን አንድ ጊዜ አነቃው።

ረቡዕ ጠዋት እንደነቃ ስልኩን ሲያነሳ ኔትወርክ የለም። መስኮት ላይ ወጣ፣ ግቢ ወረደ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋ፣ የለም። ቢሮው በር ድረስ ኔትወርኩን ሲረግም ሄደ። ባለ ሰሟ እንደተቀጣጠሩት በር ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ ደብዳቤው በፖስታ ታሽጎ እጇ ላይ ነው።

ወደ አዳራሹ ገቡ። ዘጠኙም መስኮቶች በሰሌዳ ተሸፍነዋል። ሰው ይኮለኮልበት የነበረው ወለል ባዶ ሆኖ ተወልውሏል፤ ጥግ ላይ አንድ የመረጃ ጠረጴዛና አንድ ጥበቃ ብቻ። የእሱ ጫማ ድምፅ ለራሱ ተሰማው።

«አንቺ እዚህ ሁኚ፣ የኃላፊው ቢሮ ሦስት ሰዓት ተኩል ይከፈታል» አላት ባለ ሰሟን። «እስከዚያ እኔ ላይ ወጥቼ የማውቀው ሰው ካለ ልጠይቅ።»

ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አሥራ ሁለት ኮምፒውተር ከተደረደረበት ክፍል ውስጥ፣ ሦስት ቁጥርን አገኛት። መነጽር አድርጋለች፤ ፀጉሯ ከስድስት ወር በፊት ከሚያውቀው ይልቅ ነጥቷል። ቀና ብላ ስታየው ፊቷ በራ።

«አይቀመጤ። ገና አለህ እንዴ? ና ግባ። የሰው ፊት ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው፤ እዚህ ቁጥር ብቻ ነው የሚመጣብኝ።»

«እሜቴ፣ እኔም የመጣሁት በቁጥር ጉዳይ ነው» አለና የማመልከቻውን ቁጥር ከወረቀት ላይ አነበበላት።

ሦስት ቁጥር ጻፈችው። ከዚያ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳችና መነጽሯን አወለቀች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ፤ እየሳቀች ነበር።

«ይሄ ያንተ ነው?»

«የደንበኛዬ ነው። ምነው?»

«እኛ እኮ ፎቁ ላይ ስም አውጥተንለታል። ተመላላሹ ነው የምንለው። ተራው ትንሽ ፈቀቅ እንዳለ ብድግ ብሎ ይወጣል፣ ተመልሶ መጨረሻ ይሰለፋል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሃያ ሁለት ጊዜ። አራት ነጥብ ይገባል፣ አራት ነጥብ ይወጣል። ልቤ አንተን መጠርጠር ነበረበት።»

አይቀመጤ አልገባውም። ወይም ገብቶት እንዲገባው አልፈለገም። «መጨረሻ ማለት?»

«መጨረሻ ነዋ። እዚህ ክምር የለም። ካስተካከልከው እንደ አዲስ ነው የሚቆጠረው፤ ሰዓቱም አዲስ፣ ተራውም አዲስ። ስልጠናው ላይ ነግረዋችሁ የለም እንዴ?» ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞረችለት። በቀይ የተጻፉ ሃያ ሁለት መስመሮች ከነሰዓታቸው ተደርድረዋል። ከነሱ በላይ ያለው የመጀመሪያው መስመር ብቻ በጥቁር ነው። «ይኸውልህ፣ ያለፈው ሳምንት ሰኞ ያስገባኸውን ባትነካው ኖሮ ሐሙስ ጠዋት ያልቅ ነበር። እኔው ራሴ ነበርኩ የምፈርመው።»

ሃያ ስድስት ዓመት ሲገፋበት የኖረው ዘዴ፣ ያንን ሰም በገዛ እጁ ሃያ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ጎተተው። አውቶቡስ ፌርማታው፣ ፀጉር ቤቱ፣ የለቅሶው ድንኳን ሁሉ ትዝ አለውና ፊቱን አሳከከው።

«እሜቴ፣ እባክዎን እጅዎን ሰደድ አድርገው...»

«ድሮ ቢሆን አደርግልህ ነበር፣ አንተም ታውቃለህ። አሁን እጅ የሚገባበት የለም። ተራው ሳይደርስ አይከፈትልኝም።» እያየችው ሳቋ ጠፋ። «መርከቡ መቼ ነው?»

«ዓርብ ስድስት ሰዓት።»

ጣቷን በስክሪኑ ላይ እያወረደች ቆጠረች። «ለመጨረሻ ጊዜ የነካኸው ትናንት አሥር ሰዓት ነው። ዛሬ ጠዋት አልነካኸውም?»

«ኔትወርክ አልነበረም።»

«እንግዲህ ያ ኔትወርክ ካንተ ይሻላል። ካልነካካኸው ዓርብ ጠዋት ይደርሳል። አንድ ጊዜ ከነካኸው አለቀልህ፣ ሰኞ ነው።» መነጽሯን መልሳ አደረገች። «አላርፍ ያለች ጣት ሲባል አልሰማህም? ቀሪውን ለክብርህ ስል ትቼዋለሁ።»

ደረጃውን ሲወርድ፣ በዚያ ቢሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እግሩ ተጎተተ። የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከታች ያለችው ልጅ ምንም አታውቅም። «ሰዎቹ ተኝተውበት ነበር፣ አሁን ቀስቅሻቸዋለሁ» ቢላት ታምነዋለች፤ ዓርብ ፈቃዱ ሲመጣም ታመሰግነዋለች። ደብዳቤው ግን ኃላፊው ጋ ይገባል። ከቦታው ይነሳ የተባለው ባለሙያ ደግሞ አሁን ፊቷ የበራለት፣ ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራት ሴትዮ ናት። አፈረ። በዕድሜው እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ባለ ሰሟ ኃላፊው በር ላይ ደርሳ ለማንኳኳት እጇን አንስታለች።

«ተይው» አላት።

«ምን አሉ፣ ጋሼ?»

«እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ምን?»

ነገራት። ፋይል ማንቃት ምን እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንዳነቃው፣ ቢተወው ኖሮ መቼ ያልቅ እንደነበር፣ ደብዳቤው የሚያስነሳው ማንን እንደሆነ፣ አንድም ሳያስቀር ነገራት። እየነገራት እግሩ ወለሉን ይመታ ነበር፤ እሱ ራሱ ያየውና ያቆመዋል፣ ደግሞ ይጀምራል።

ባለ ሰሟ ፖስታውን አገላብጣ አየችው። «ይህን ደብዳቤ ያጻፉኝ እርስዎ ነዎት።»

«አዎ።»

«አንድ ደቂቃ ቢዘገዩ ገብቼ ነበር። የማላውቃትን ሴት ከሥራዋ ላስነሳ።» ዓይኗ ቀላ፣ ግን አላለቀሰችም፤ ፖስታውን ለሁለት ቀደደችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ስልክዎን ይስጡኝ።»

ሰጣት።

«የይለፍ ቃሉስ?»

«እሱ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው።»

«ጭንቅላትዎን መቀማት አልችልም። ስለዚህ እርስዎም አብረውኝ ይመጣሉ። እስከ ዓርብ ከዓይኔ አይጠፉም።»

አይቀመጤ እንዲህ ሆኖ የሰም መጋዘን ውስጥ፣ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ሰዎቹ በየበርሜሉ ሰም ያቀልጣሉ፣ በጨርቅ ያጣራሉ፣ ቅርጽ ማውጫው ላይ ያፈሳሉ። እሱ ሥራ ስጡኝ ቢል ባለ ሰሟ እምቢ አለች፤ የሚነካው ነገር እንዲኖር አልፈለገችም። በየሩብ ሰዓቱ ብድግ ይላል፤ ከሰም አቅላጮቹ አንዷ «ጋሼ» ብላ ሳጥኑን በዓይኗ ስታሳየው ይመለሳል። ማታ ቤቱ ሲሄድ ባለ ሰሟ ሚስቱ ጋ ደውላ፣ ኢንተርኔት ያለበት ደጅ እንዳይደርስ አደራ አለቻት። «አይ ልጄ፣ እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ያቃተኝን አንቺ በሁለት ቀን ልትሞክሪው ነው?» አለች ሚስቱ። ቢሆንም የበሩን ቁልፍ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ሳያየው፣ እየቀዘቀዘ ያለ ሰም ላይ አውራ ጣቱን ጫን አደረገ። ለምን እንዳደረገው እንጃ። ጣቱ የነካው ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። ሰም አቅላጯ ጉድጓዱን ስታይ ከንፈሯን መጠጠች። «ሲቀዘቅዝ የነኩት ሰም እኮ ይበላሻል። ዝም ቢሉት ራሱ ይረጋል።»

«እሱን ሰሞኑን ስንት ሰው ነገረኝ መሰለሽ» አላት አይቀመጤ።

ባለ ሰሟ መጥታ አየችው። ይቅለጥ ወይስ ይሂድ ሲሏት ትንሽ አሰበች፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ፈገግ አለች። «ይሂድ፣ ዕቃው ሙሉ ነው የሚጫነው» አለች። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ማህተም ሲለቅም የኖረ ሰው፣ አንዱን ራሱ መታ።

ዓርብ ጠዋት ኮንቴይነሩ መኪና ላይ ተጭኖ፣ ሾፌሩ ሞተሩን አሙቆ መጠበቅ ጀመረ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ሰዓት ተኩል። አሥራ አራቱም ሰው ሥራ እንደሚሠራ ሰው ይንቀሳቀሳል እንጂ የሚሠራ አልነበረም። ስልኩ ባለ ሰሟ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ነው። አይቀመጤ መዳፎቹን ጭኖቹ ሥር አስገብቶ ተቀምጧል፤ የለመደ ሰው አይመስልም፣ እንደ ታሰረ ሰው ነው። አንድ ነገር ብቻ እያለ ነበር በልቡ፤ አትንካ፣ አትንካ።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኩ ጮኸ። ባለ ሰሟ አነበበች፣ ደግማ አነበበች። «ጸድቋል ይላል» አለች በርሜሉን ተደግፋ።

አይቀመጤ ቦርሳውን አፈፍ አድርጎ ተነሳ።

«ወዴት ነው?»

«ደረቅ ወደቡ ጋ ነዋ። ፈቃዱን በር ላይ የሚሰጥ ሰው...»

«የሚሰጥ ነገር የለም፣ ጋሼ። እነሱም ጋ በዚሁ ሰዓት ደርሷል። ሾፌሩ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚነግራቸው።»

መኪናው ወጣ። አይቀመጤ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆሞ፣ አቧራው እስኪረጋ አየው። ከአምስት ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል ሾፌሩ ደወለ፤ ገብቷል፣ ተቀብለውታል። መጋዘኑ ውስጥ እልልታውም ሳቁም ተደባለቀ። ባለ ሰሟ ወጥታ አጠገቡ ቆመች። ሊሰናበታት አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«ሁለተኛው ጭነት ከሁለት ወር በኋላ ነው። እርስዎ ነዎት የሚሞሉልኝ። ማመልከቻው አንድ ስህተት ሳይገኝበት ጸድቋል፤ የአጎቴ ሰው መሆንዎን ያወቅሁት በእሱ ነው። ስልጠና ላይ ደግሞ እስከ መጨረሻው ይቀመጣሉ። የይለፍ ቃሉ ግን እኔ ጋ ይሆናል።»

«ይሁን ልጄ» አላት። ቦርሳውን ትከሻው ላይ መልሶ መንገድ ጀመረ።

ቤቱ ሲገባ ገና ቀን ነው። ሚስቱ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ የሰው ቀሚስ ትሰፋለች። ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ መሬት አስቀመጠውና መሀል ወለሉ ላይ ቆመ።

«ሜትርሽ የታል?»

እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች። «ምን ሆነሃል፣ አመመህ?»

«አላመመኝም። ለኪኝ።»

ሐሳቡን ሳይለውጥ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ቀረበችው። ጀርባውን ለካች፣ የግራ እጁን፣ የቀኝ እጁን። እሱ አልተነቃነቀም። ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ አየችውና እንደገና መጥታ ትከሻውን ለካች። ሦስተኛ ጊዜ ለካች።

«እጆችህ እኩል ናቸው» አለች። «ቀኝ ትከሻህ ግን በሁለት ጣት ወርዷል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ቆመህልኝ ታውቃለህ?» እጇን የቦርሳው ማንገቻ ሲያርፍበት በኖረው ቦታ ላይ ጫነች፤ ሥጋው ገብቷል፣ አጥንቱ ጠንክሯል። «ይኸው ነው እጅጌውን የሚያስረዝመው። እኔ ልብስ ሰፊ ሆኜ ለባሌ አልችልበትም እያልኩ ስንት ዓመት።»

«እኔ ደግሞ ስለማልቆምልሽ ነው እያልኩ።»

«እሱም እኮ ነው» አለች። ሜትሩን ደግማ ዘረጋችው። «አትንቀሳቀስ፤ ገና አልጨረስኩም።»

እሱም ዝም ብሎ ቆመላት።